«ወለድ የለውም፣ ሽያጭ ነው»



ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ መቀሌ ነው። ነገሩ ግን የመቀሌ ብቻ አይደለምና መርካቶም ሆነ ደሴ፣ ጅማም ሆነ ድሬዳዋ ያለ አንባቢ የሚያውቀውን ሰው ሳያገኝበት አይቀርም።

በቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ያላቸው አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሐጂ እያልኩ ልቀጥል። ባለፈው ጊዜ ወደ መቀሌ ስሄድ ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቃቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻይ ታዘዘ፤ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያየቅን። ከዚያም ሐጂ ከሒሳብ መዝገባቸው ሥር ሁለት ወረቀቶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉልኝ።

አንደኛው የባንክ ደብዳቤ ነው። ዕዳው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተከፈለ በመያዣነት የተሰጠው መኖሪያ ቤት በሐራጅ እንደሚሸጥ ያስታውቃል። ሁለተኛው ባለ ሦስት ገጽ፣ ገና ያልተፈረመበት የቤት ሽያጭ ውል ነው።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ እያቸው» አሉኝ። «ይህኛው ቤቴን ሊወስድ የመጣ ነው። ይህኛው ደግሞ ሊያድነኝ የመጣ ነው።»

ሁለቱንም ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። የባንኩ ደብዳቤ አሳዘነኝ። ያስፈራኝ ግን አዳኝ የተባለው ወረቀት ነው። ለምን እንደፈራሁት ነው ዛሬ የማስረዳው።

ሐጂ ብድሩን የወሰዱት በ2011 ዓ.ም. ዓዲ ሐቂ ባለው ቤታቸው ላይ አንድ ፎቅ ለመጨመር ነው። ባለ ወለድ ብድር መሆኑን አልሸሸጉኝም። ስሕተት መሆኑንም ያውቁታል፤ እኔም የሰው ወንጀል ልቆጥር አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ባንኮች ተዘጉ፣ ለጥቂት ወራት በከፊል ተከፈቱ፣ ከሰኔ 2013 ማብቂያ አንስቶ እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል፣ ባንክ የሚባል አገልግሎት ከከተማዋ ጠፋ። የመንግሥት ሠራተኛው ከዓመት በላይ ደመወዝ አላገኘም፤ ደመወዝ ያላገኘ ሰው ደግሞ ጨርቅ አይገዛም። ተበዳሪው ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የሚከፍልበት መስኮት አልነበረም። ወለዱ ግን መቁጠሩን አላቆመም ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ባንኮቹ ሲከፈቱ፣ ብዙ ነጋዴ ከሰላሙ ዜና ጋር አብሮ የሰማው የዕዳውን ማበጥ ነው። የትግራይ ነጋዴዎች በዚያ ጊዜ የተቆጠረው ወለድ እንዲነሳላቸው በተደጋጋሚ አቤት ያሉትም ለዚህ ነው። ለመሆኑ ባንኩ ራሱ በሩን ዘግቶ በነበረበት ቀን ለተቆጠረ ወለድ የሰው ቤት ማስሸጥ ፍትሕ ነውን? በእኔ እምነት አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር የመንግሥትና የባንኮች ክርክር ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ የሠላሳው ቀን ቆጠራ አይቆምም።

ሕጉን እንመልከት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አበዳሪ ዕዳው ሳይከፈለው ቢቀር የተያዘለትን ንብረት በገዛ እጁ የራሱ ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። ተበዳሪው ገና ሲበደር «ካልከፈልኩ ቤቱን ውሰደው» ብሎ ቢፈርም እንኳ ያ ስምምነት ዋጋ የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቸገረው ሰው ማናቸውንም ነገር ይፈርማል። ከዚህ ደንብ ባንኮችን ለይቶ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ ከተበዳሪው ጋር በውል ከተስማማ ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የተያዘውን ንብረት ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሁለተኛውም ጨረታ ገዢ ካልቀረበ ንብረቱን ራሱ ሊረከብ ይችላል። ሥልጣኑ ከባድ ነው። በጋዜጦች ላይ በትናንሽ ፊደል ታጭቆ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ያየ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል።

ሆኖም ይህ ከባድ ሥልጣን አጥር አለው። ሽያጩ በጨረታ ነው፤ ጨረታው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለ ሐራጅ ያወጣውን ደንብ ይከተላል። መነሻ ዋጋ አለው፣ ማስታወቂያ አለው፣ ቀንና ቦታ አለው። ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ በተበዳሪው ላይ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቅበታል። ከሁሉም በላይ፣ ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ የባለቤቱ ነው። ካነሰ ደግሞ ቀሪው ዕዳ ባለዕዳውን ይከተለዋል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። በባለ ወለድም ሆነ ከወለድ ነጻ በሆነው የባንክ አገልግሎት መያዣው መያዣ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እነ ዘምዘምና ሂጅራ በአገራችን መከፈታቸው ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ነገር ግን በሙራበሓ የገዛ ወንድም ክፍያውን ካቋረጠ ሐራጅ አይደርስበትም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልሂድ።

ወረቀቱን ያመጣው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው አይደለም። ሐጂ በጁምዓ የሚያዩት፣ ሰላምታ የሚለዋወጡት ሰው ነው። ደብዳቤው በደረሰ በሳምንቱ ሱቃቸው መጥቶ «ሐጂ፣ ችግርዎን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ» አላቸው። እንዴት ሰማ? የሐራጅ ነገር ገና ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ ደላሎች ዘንድ እንደሚደርስ ከተማው ያውቃል። ከዚያም መፍትሔውን ዘረዘረ። የባንኩን ዕዳ እርሱ ይከፍላል። ሐጂ ቤቱን «ለይስሙላ» በሽያጭ ውል ያስተላልፉለታል። እዚያው ቤት በኪራይ ይኖራሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ገንዘቡን ከነጭማሪው ከመለሱ ቤቱን መልሶ ይሸጥላቸዋል። ከባንኩና ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ያለውን ጉዳይ እንዲጨርስ ደግሞ ሙሉ ውክልና ይስጡት፤ ለሩጫም ሃምሳ ሺህ ብር ቀድመው ይክፈሉት። ሐጂ ስለ ጭማሪው ቢጠይቁት «ሐጂ፣ ይህ እኮ ወለድ የለውም፣ ሽያጭ ነው። አላህ ሽያጭን ፈቅዷል» አላቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህችን ንግግር ልብ በሉልኝ። ከባንክ ወለድ ለመውጣት የሚጨነቀውን፣ በወለድ መግባቱ የሚጸጽተውን ሙስሊም የምትይዘው ይህች ናት። ሌላውን ሰው በገንዘብ ብቻ ያጠምዱታል፤ እኛን ግን በተውበታችን ያጠምዱናል።

ቁጥሩን ላስቀምጠው። ትክክለኛውን የሐጂን ሒሳብ መግለጥ ስለማይገባኝ ለምሳሌ ያህል የባንኩ ዕዳ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር፣ ቤቱ በገበያ የሚያወጣው 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ልዩነቱ እንዲህ መስፋቱ አያስገርምም፤ ዕዳው የተጻፈው በድሮው ብር ነው፣ የቤቱ ዋጋ ግን ከሲሚንቶና ከብረት ጋር አብሮ ወጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ። አዳኙ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ከፍሎ የ6 ሚሊዮን ብር ቤት በስሙ ያዞራል። ሐጂ በዓመቱ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ይዘው ቢመጡ ትርፉ 700 ሺህ ነው፤ ከመቶ ወደ 39 የሚጠጋ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰብ ለግለሰብ ሲያበድር የሚፈቅደው የወለድ ጣሪያ ከመቶ 12 መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ላይ የየወሩ ኪራይ አለ። ካልመጡ ደግሞ ከአራት ሚሊዮን በላይ በአንድ ፊርማ አፈሰ። ታዲያ ይህ ሰው ሐጂ እንዲከፍሉ ይጸልያልን?

ሰውየው የብድር ውል ያልጻፈበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጣል። በግልጽ ቢያበድርና ቤቱን በመያዣ ቢይዝ፣ እርሱ ባንክ አይደለምና ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሊሸጠው፣ ሳይሸጥም የራሱ ሊያደርገው አይችልም። ጭማሪውም አራጣ ይባላል፤ አራጣ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ ነው። ስለዚህ ብድሩን የሽያጭ ልብስ አለበሰው። በአዲስ አበባ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «አይ.ኤም.ኤፍ.» እና «ወርልድ ባንክ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁ አበዳሪዎች በአራጣ ተከሰው ፍርድ ቤት የቀረቡበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ይገነዘባል። በአራጣ ገበያ ብድር ብድር ተብሎ አይጻፍም፤ የቀን ቦታው ባዶ የሆነ ቼክ ወይም የቤትና የመኪና ሽያጭ ውል ሆኖ ይጻፋል። በኋላ ተበዳሪው «ኧረ ብድር ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል? በሕጋችን ሁለት ወገኖች ፈርመው ያጸደቁትን ጽሑፍ በቃል ምስክር ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። «ለይስሙላ» የሚለው ቃል ውሉ ላይ አልተጻፈም፤ የተጻፈው «ሸጫለሁ፣ ገንዘቡንም ተቀብያለሁ» የሚል ነው።

ስለ ውክልናውም አንድ ቃል ልበል። ለመሸጥና ለመለወጥ ጭምር የተሰጠ ውክልና የቤት ቁልፍ እንደመስጠት ያለ ነው። ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ግን እስኪሽረው ድረስ ተወካዩ ያደረገው ሁሉ እርሱ እንዳደረገው ይቆጠራል። «ከባንክ ጋር ለመነጋገር» የመሸጥ ሥልጣን አያስፈልግም። የትዳር ጓደኛን ሳያማክሩ የሚሰጥ ውክልና ደግሞ የቤተሰብ ክርክር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

«አላህ ሽያጭን ፈቅዷል» ወዳለው ልመለስ። ንግግሩ እውነት ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ሽያጭን ሐላል፣ ሪባን ሐራም አድርጓል። ጥያቄው ይህ ነገር ሽያጭ ነው ወይ የሚለው ነው። በእስልምና መያዣ (ረህን) የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ለቤተሰባቸው ገብስ በዱቤ ወስደው የጦር ልብሳቸውን በመያዣ ሰጥተው እንደነበር፣ ወደ አኺራ ሲሄዱም ልብሱ በመያዣ እንዳለ በሐዲስ ተዘግቧል። ነገር ግን ከእስልምና በፊት የነበረውን፣ ቀኑ ካለፈ አበዳሪው መያዣውን ጠቅልሎ የሚወስድበትን ልማድ ከልክለዋል። በሸሪዓ መያዣው የባለዕዳው ሀብት ሆኖ ይቀጥላል፤ ቢሸጥ እንኳ አበዳሪው ዕዳውን ይወስዳል፣ የቀረው ለባለቤቱ ይመለሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደንብና ይህ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከቱ። ሁለቱም የሚከለክሉት ያንኑ ነገር ነው፣ አዳኙም በሽያጭ ስም ሊያመልጥ የፈለገው ከዚያው ነው።

«ገንዘቡን ስትመልስ ቤትህን እመልስልሃለሁ» የሚለው ሽያጭ በፊቅህ ኪታቦች የቆየ ስም አለው፤ በይዐል ወፋእ ይባላል። በቡኻራና በባልኽ ያሉ የሐነፊ ሊቃውንት ከዘመናት በፊት ተወያይተውበታል፤ ሰው ቸግሮታልና ብለው የፈቀዱት አሉ። ከእኛው የሻፊዒይ መዝሀብም በሐድረመውት የኖሩ የኋለኞቹ ዑለማእ «ዑህዳ» በሚል ስም የተቀበሉት አሉ። ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም፤ አንዱን ኪታብ ጠቅሶ የሚሞግታችሁ ሊኖር ይችላልና። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ጥቅም የሚያመጣ ብድር ነው ብለው ከልክለውታል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤው ይህን ሽያጭ አይፈቀድም ሲል ወስኗል። የፈቀዱትም ቢሆኑ የቸገረውን ሰው ቤት በሲሶ ዋጋ ለማፈስ የፈቀዱት አይደለም። ወሏሁ አዕለም።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ነገር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ «ቤትህን ከሐራጅ አድናለሁ» የሚሉ ሰዎች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። የቅድሚያ ክፍያ ይቀበላሉ፣ ይሰወራሉ፤ ወይም ባለቤቱን ካርታውን አስፈርመው ተከራይ ያደርጉታል። የዚያ አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2010 ባወጣው ደንብ፣ አዳኝ ነኝ ባይ ከአበዳሪው በጽሑፍ የተገኘ ስምምነት አምጥቶ ባለቤቱ ሳይቀበለው በፊት ሳንቲም እንዳይቀበል ከለከለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖርም ሐጂ ሃምሳ ሺሕዋን እንዳይከፍሉ የሚያግዳቸው የለም።

ታዲያ ባለዕዳው ምን ያድርግ? ሐጂን ያልኳቸውን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ደብዳቤውን ደብቀው አይቀመጡ፤ ወደ ባንኩ ራስዎ ይሂዱ፣ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ቅጣቱስ ስንት ነው፣ በተዘጋበት ጊዜ የተቆጠረውስ የቱ ነው። የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም በማመልከቻ ይጠይቁ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ሳይዙ አይውጡ። ባንክ ሐራጅ አይወድም፤ ገንዘቡን ነው የሚወደው። ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ ቤቱ መሄዱ የማይቀር ከሆነ፣ በሐራጅ ከመሸጡ በፊት ራስዎ ይሽጡት። በገበያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ፈልገው፣ እርስዎና ገዢው ባንኩ ዘንድ ቀርባችሁ፣ ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይክፈል፣ ባንኩ ካርታውንና የዕዳ ነጻ ደብዳቤውን ይስጥ፣ ቀሪው ገንዘብ በእርስዎ ሒሳብ ይግባ። ካርታው ባንክ እጅ እስካለ ድረስ ከባንኩ ጀርባ የሚደረግ ሽያጭ ሁሉ መዘዝ ነው። ሐራጁ ከደረሰም አይቅሩ፤ ሄደው ስንት እንደተሸጠ በዓይንዎ ይዩ፣ ትርፍ ካለም ይጠይቁ።

ሐጂ ዝም ብለው ሰሙኝና «ይህን ሁሉ የምትለው ቤቱን ላጣ ነው ማለት ነው» አሉኝ። አዎን፣ ሊያጡት ይችሉ ነበር። መልስ አልነበረኝም። እዚህ ላይ ለጀማዐችን አንድ ጥያቄ አለኝ። አላህ (ሱ.ወ.) በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 280 የተቸገረ ባለዕዳ እስኪሻለው ጊዜ እንዲሰጠው፣ ቢማርለት ደግሞ እንደሚበልጥ አስተምሮናል። በአት-ተውባ ምዕራፍ አንቀጽ 60 ደግሞ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው። ለመሆኑ በየከተማችን የዘካ ገንዘብ ሲከፋፈል ይህ ክፍል ስንት ጊዜ ይታሰባል? ለምንጣፍና ለሚናራ በአንድ ጁምዓ የሚሰበሰበውን አይቻለሁ። መስጊድ አይሠራ አላልኩም፤ የምለው አንድ ሰው የባንክ ደብዳቤ ይዞ ወደ መስጊዱ ኮሚቴ ቢሄድ ምን እንደሚመለስለት ነው። ጥቂት ነጋዴዎች ተሰባስበው ለስድስት ወር ቀርድ ቢያበድሩት፣ መያዣውንም በግልጽ ጽፈው ቢይዙ፣ በይስሙላ ሽያጭ የሚመጣው አዳኝ ገበያ አያገኝም ነበር። ሐጂን ለመርዳት አንዳንዶች ሞክረዋል፤ የተገኘው ግን ከዕዳው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። የመቀሌ ነጋዴ ራሱ ከጦርነቱ ገና መነሳቱ ነውና አልፈርድባቸውም።

አዳኙን የመለሱት እኔም አይደለሁም፣ ሐጂም አይደሉም። በማግስቱ ምሽት ለመፈረም ቤታቸው ሲመጣ አደይ፣ የሐጂ ባለቤት፣ ሻይ አቅርበው ተቀመጡ። ሰውየው ነገሩን አንድ በአንድ አስረድቶ ሲጨርስ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አሉት። «ሽያጭ ከሆነ ገበያው በሚያወጣው ዋጋ ግዛን። ብድር ከሆነ ደግሞ ብድር ብለህ ጻፍልን።» ሰውየው «እናንተን ለመርዳት ብዬ ነው እንጂ» አለ። ደግመው ጠየቁት። «እንግዲህ ሐራጁ ይሻላችኋል» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ከተመለስኩ በኋላ ሐጂ ደውለውልኝ ነበር። ባንኩ ጥቂት ጊዜ ሰጥቷቸው ገዢ አግኝተዋል፤ ገዢው፣ እርሳቸውና አደይ ባንኩ ድረስ ሄደው ጨርሰዋል። ዕዳው ተከፍሎ የቀረው ገንዘብ ኲሓ አካባቢ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ገዝቶ ለሱቁም ትንሽ ተርፏል። «አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «የደረጃውን ሲሚንቶ በገዛ እጄ ነበር ያቦካሁት» ብለው ስለ አባቴ ጤንነት ጠየቁኝ።